ለ54 ሊትር የዓሣ ገንዳ የትኛው ማጣሪያ ይሻላል? (መኝታ ክፍል ውስጥ ነው)

ሰማያዊ ጠጠር
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ከፍታው 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ የመስታወት ገንዳ አግኝቻለሁ። ሳሰላው 54 ሊትር ይመጣል። የሚቀመጠው መኝታ ክፍሌ ውስጥ ነው፤ ሌላ ቦታ የለኝም። ከትራሴ እስከ ገንዳው አንድ ክንድ ከስንዝር ነው። ላሳድግ ያሰብኩት ዐሥር ኒዮን ቴትራና ስድስት ትንንሽ ኮሪዶራስ ነው። እህቴ ደግሞ ወርቃማ ዓሣ ካልሆነ ብላ ይዛኛለች።

ስለ ማጣሪያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳነብ ከርሜ፣ አሁን ከጀመርኩበት ቀን የባሰ ግራ ገብቶኛል። አንዱ በአየር ፓምፕ የሚሠራ ስፖንጅ ይበቃል ይላል። ሌላው ስፖንጅ ጊዜው ያለፈበት ነው፣ ከጀርባ የሚንጠለጠለውን ግዢ ይላል። ሦስተኛው ካኒስተር (ከገንዳው ውጭ የሚቀመጥ፣ በቱቦ የሚገናኝ ዝግ በርሜል) ካልገዛሽ ዓሣ አትያዢ ሊለኝ ምንም አልቀረው። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውም አልረዳኝም፤ «እስከ 100 ሊትር ገንዳ፣ በሰዓት 400 ሊትር» ይላል። ለ100 ሊትር የተሠራው ለእኔ ይበዛብኛል ወይስ ይበጀኛል? ድምፁስ? ገዝቼ እንዳልጸጸት ምከሩኝ።


ባለ ካኒስተር
እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡05

እህቴ፣ አትድከሚ፣ ካኒስተር ግዢ። ከገንዳው ሥር ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ በሩን ስትዘጊበት መኖሩንም ትረሺዋለሽ። የሚይዘው የሴራሚክና የስፖንጅ መጠን ከሌሎቹ ጋር አይወዳደርም። እኔ 240 ሊትር ገንዳ ላይ አንድ አለኝ፤ በሦስት ወር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምከፍተው። ውሃዬ ከመጥራቱ የተነሣ ዓሦቹ አየር ላይ የተንሳፈፉ ይመስላሉ።


አሮጌው ገንዳ
እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡30

240 ሊትርህን ለ54 ሊትር አታበድር።

በሦስት ወር አንድ ጊዜ መክፈትህን እንደ ሙያ ስትናገር አነበብኩ። ሦስት ወር ሙሉ የዓሦችህ ዓይነ ምድር የት የሄደ ይመስልሃል? ከዓይንህ ተሰወረ እንጂ ከውሃው አልወጣም። ውሃህ እየዞረ በዚያው ቆሻሻ መሐል ነው የሚያልፈው። መጥራቱ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ አሞኒያ ቀለም የለውም።

ልጄ ሰማያዊ ጠጠር፣ ሁሉም ስለ ማጣሪያው ይነግርሻል። እኔ የምጠይቅሽ ስለ አንቺ ነው። ሥራ ውለሽ ደክሞሽ በገባሽበት ማታ፣ የትኛውን ማጣሪያ ነው ሳትሰንፊ የምትከፍቺው? ሁለት ቱቦ ነቅሎ፣ ዐሥር ሊትር ውሃ የያዘ በርሜል ተሸክሞ መታጠቢያ ቤት መሄድ አንድ ነገር ነው። እጅን ገንዳው ውስጥ ሰዶ ስፖንጅ ማውጣት ሌላ ነገር ነው። እስከ ዛሬ ያየኋቸው የሞቱ ገንዳዎች አብዛኞቹ ጥሩ ማጣሪያ ነበራቸው። የሚከፍተው ሰው ነው ያልነበራቸው።

ወርቃማ ዓሣ ግን የማጣሪያ ጉዳይ አይደለም። ተራው ዝርያ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል፤ 54 ሊትር ውስጥ ምንም ማጣሪያ አያድነውም። እህትሽን እምቢ በያት።


ሰማያዊ ጠጠር
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ጋሼ፣ ስለ ወርቃማው ዓሣ ለእህቴ አነበብኩላት፤ አኩርፋለች፤ ይለፋል። ግን ያልገባኝ አንድ ነገር አለ። «መጥራቱ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም» ካሉ፣ ማጣሪያው ታዲያ የሚያጣራው ምንድን ነው?


የባክቴሪያ ወዳጅ
ሰኞ፣ ከቀኑ 6፡50

ይህ ጥያቄ ለእኔ የተተወ ነው፣ ጋሼ ይፍቀዱልኝ።

«ማጣሪያ» የሚለው ስም ያሳስታል። ስንሰማው ወንፊት ይታየናል። የሚንሳፈፈውን ብናኝ መያዝ የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ዓሣ አሞኒያ የሚያስወጣው በአብዛኛው በስንጥቡ (በመተንፈሻው) በኩል ነው፤ በልቶ የተረፈውም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። በወንዝ ያለ ዓሣ ውሃው ይወስድለታል፤ ገንዳ ውስጥ ያለው ግን ከራሱ ጋር ተዘግቶ ነው የሚኖረው። ይህን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በጥቂቱም መርዝ ናቸው። ሦስተኛው በብዙ ካልተጠራቀመ አይጎዳም፤ እሱንም በየሳምንቱ ሩብ ያህሉን ውሃ እየቀየርሽ ታወጪዋለሽ፣ ወይም ተክል ይበላዋል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች ውሃው ውስጥ እየዋኙ አይኖሩም፤ ነገር ላይ ተጣብቀው ነው የሚኖሩት። ስለዚህ ማጣሪያ ማለት ሰፊ ገጽ ያለው፣ ኦክስጅን የያዘ ውሃ ሳያቋርጥ የሚያልፍበት የባክቴሪያ መኖሪያ ነው። ስፖንጅም ሆነ ሴራሚክ ወይም ጠጠር፣ ለእነሱ ቤት ነው።

የአሞኒያው መርዝነት ደግሞ በውሃው ጠባይ ይወሰናል። 25 ዲግሪ ሙቀትና ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 7 ባለው ውሃ ውስጥ፣ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዘኛ በሆነው መልክ የሚገኘው ከመቶ አንድ እጅ እንኳን አይሞላም። ፒኤቹ 8 ሲሆን ከመቶ አምስት እጅ ያልፋል። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ማጣሪያ ገዝተው የአንዱ ዓሦች ደኅና ሆነው የሌላው የሚያልቁት አንዳንድ ጊዜ በዚህ ነው።

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣና፦ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ በ1890 አካባቢ ሁለቱን ደረጃዎች ሁለት የተለያዩ የባክቴሪያ ወገኖች እንደሚሠሯቸው ካሳየ ወዲህ፣ ከመቶ ዓመት በላይ «ሁለት ሠራተኛ ያስፈልጋል» ሲባል ኖሯል። በ2015 ግን ሁለቱንም ደረጃ ብቻቸውን የሚጨርሱ የናይትሮስፓይራ ባክቴሪያዎች ተገኙ። አንደኛው ቡድን ያገኛቸው ከነዳጅ ጉድጓድ ቧንቧ ነው። ሁለተኛው ከየት መሰላችሁ? ከዓሣ እርባታ ማጣሪያ።


ቸኳዩ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡15

እኔ ባክቴሪያ የሚባል ነገር መኖሩን ያወቅሁት ገድያቸው ነው።

ከጀርባ የሚንጠለጠል ማጣሪያ ነበረኝ። መመሪያው «ካርትሪጁን በየወሩ ይቀይሩ» ይላል፤ ውስጡ የሚገባውን ተቀያሪ ማጣሪያ ማለቱ ነው። እኔም ታዛዥ ሰው ነኝ፣ ቀየርኩ። በዚያው ቀን ጠጠሩንም በቧንቧ ውሃ አጥቤ አብረቀረቅኩት። ገንዳው እንደዚያን ቀን አምሮ አያውቅም። በሦስተኛው ቀን ዓሦቹ ከላይ አፋቸውን እየከፈቱ አየር ይፈልጉ ጀመር። በአምስተኛው ቀን ከዘጠኝ ጉፒ አራት ቀሩኝ። ከካርትሪጁ ጋር የባክቴሪያውን ቤት ቆሻሻ መጣያ ከትቼ፣ የቀረውን በጠጠሩ ላይ በቧንቧው ውሃ ክሎሪን ጨርሼ ነበር።

አሁን ካርትሪጅ አልገዛም። የማጣሪያውን ሆድ ለክቼ ስፖንጅ ቆርጬ አስገብቼበታለሁ፤ ከኋላው የሴራሚክ ቀለበት አለ። ስፖንጁን የማጥበው ከገንዳው በቀዳሁት ውሃ፣ ባልዲ ውስጥ ነው። ካልተበጣጠሰ አልቀይረውም።


ባለ ካኒስተር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ቸኳዩ፣ ካርትሪጁ ውስጥ ከሰል አልነበረም? ከሰሉ እኮ መቀየር አለበት።


ቸኳዩ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡48

ነበር። ከሰሉ በጥቂት ሳምንት ጉልበቱ ያልቃል፤ ይህ እውነት ነው። ግን መጀመሪያውኑ ለምን ያስፈልገኛል? መድኃኒት ሰጥቼ ትርፉን ከውሃው ማውጣት ስፈልግ፣ ወይም እንጨት ውሃውን ሲያጠቁርብኝ ለጊዜው አስገባዋለሁ። መድኃኒቱ እየተሰጠ ሳለ ከገባማ መድኃኒቱን ራሱ ይጠጣዋል።


ጸጥታ ወዳድ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

ሁላችሁም ስለ ባክቴሪያ ስታወሩ ልጅቷ «ከትራሴ አንድ ክንድ ከስንዝር» ማለቷን ዘላችሁታል። እኔ ቅጠል ሲወድቅ የምነቃ ሰው ነኝ፤ ሦስቱንም ዓይነት አጠገቤ አስተኝቼአቸዋለሁ።

ካኒስተር፦ አየሩ ከውስጡ ተሟጦ ከወጣ በኋላ በእውነት ጸጥ ያለ ነው። እስኪወጣ ግን ሁለት ቀን ያጉረመርማል፤ በታጠበ ቁጥር ደግሞ ከአዲስ ይጀምራል።

ተንጠልጣዩ፦ ሞተሩ አይሰማም። የሚሰማው ውሃው ነው። ገንዳው እስከ አፉ ሲሞላ ዝም ይላል፤ ውሃው ተንኖ ሁለት ጣት ሲጎድል እንደ ፏፏቴ መውረድ ይጀምራል። ሐሙስ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባልዲ ይዤ ስነሣ ራሴን ታዝቤአለሁ።

ስፖንጅ፦ ስፖንጁ ድምፅ የለውም፤ ጥፋተኛው የአየር ፓምፑ ነው። ውስጡ የሚርገበገብ ጎማ አለ፤ የተቀመጠበትን እንጨት ሁሉ አብሮት ያዘምረዋል። መደርደሪያ ላይ አታስቀምጪው፤ የታጠፈ ወፍራም ጨርቅ ላይ አድርጊው፣ ወይም በገመድ አንጠልጥይው፤ ግማሹ ድምፅ ይጠፋል። የቀረው የአረፋው ቡልቅ ቡልቅ ነው። ቀጥ ባለው ቱቦ ውስጥ ትንሽ የአየር ድንጋይ ከከተትሽበት አረፋው ይደቅቃል፤ ቡልቅታው ሹክሹክታ ይሆናል። እኔ አሁን በዚህ ነው የምተኛው።

ፓምፑ ከውሃው ወለል በታች ከተቀመጠ ቱቦው ላይ የማይመልስ ቫልቭ አድርጊበት። ትንሽ ፕላስቲክ ናት። ካላደረግሽ መብራት በጠፋ ጊዜ ውሃው በቱቦው ወደ ኋላ ተስቦ ፓምፑ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያም ወደ ወለሉ። የኤሌክትሪክ ገመዱ ደግሞ ሶኬቱ ጋር ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ወረድ ብሎ ይታጠፍ፤ በገመዱ ላይ የወረደ ጠብታ እዚያ ይወድቃል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።


ቅጠልና ሥር
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ለሰማያዊ ጠጠር አንድ ጥያቄ፦ ተክል ታስገቢያለሽ? ታችኛው ምንጣፍሽስ ጠጠር ነው ወይስ አሸዋ? ስምሽ ጠጠር ይላል እንጂ ኮሪዶራስ አሸዋ ነው የሚወደው፤ አፍንጫውን ቀብሮ እየቆፈረ ነው የሚመገበው።

አሸዋ ካልሽ ከጠጠር ሥር የሚዘረጋው የድሮ ማጣሪያ ከምርጫ ወጣ፤ አሸዋው ይወርድበታል፣ ሥርም ይተበተብበታል። አሸዋ ለማንኛውም የሞተር ማጣሪያ ጠላት ነው፤ መሳቢያው ወደ ታች ከወረደ አሸዋውን ስቦ የሞተሩን ተሽከርካሪ ክንፍ ይበላዋል። እኔ አንድ ጊዜ ማጣሪያዬ ሲንኳኳ ስከፍተው በተሽከርካሪ ክንፎቹ መሐል የቀንድ አውጣ ቅርፊት ተሰንቅሮ አገኘሁ። ባለቤቱ በሕይወት ነበር።

ብዙ ሰው የሚያስተውለው ፍጥነቱን ብቻ ነው፤ ፍሰቱ የሚመታበትን ቦታ ማንም አያይም። ኒዮን ቀስ ብሎ ከሚፈስ ውሃ የመጣ ትንሽ ዓሣ ነው። በ60 ሴንቲ ሜትር ገንዳ ውስጥ በሰዓት 400 ሊትር የሚረጭ አፍ ከአንድ ጫፍ ቢተፋበት፣ ቀኑን ሙሉ ዳገት ሲወጣ ይውላል። ኃይለኛ ማጣሪያ ከገዛሽ ውሃው የሚወጣበትን አፍ ወደ መስታወቱ አዙሪው፣ ወይም ብዙ ቀዳዳ ያለው ቧንቧ ግጠሚለት።


አሮጌው ገንዳ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡00

ቅጠልና ሥር ልክ ናት። በሰዓት ይህን ያህል ሊትር ስለሚለው ቁጥር አንድ ነገር ልጨምር። የገንዳሽን ውሃ በሰዓት ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ የሚያዞር ማጣሪያ ያዢ ይባላል፤ ለአንቺ ከ216 እስከ 324 ሊትር መሆኑ ነው። ደኅና መነሻ ነው፣ ሕግ ግን አይደለም። ማሸጊያው ላይ ያለው 400 ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚለካው ሆዱ ባዶ ሆኖ ነው፤ ስፖንጅ ሳይገባበት፣ ውሃውን ወደ ላይ ሳይገፋ። ሆዱ ሲሞላና ቆሻሻ ሲይዝ ቁጥሩ ይወርዳል።

አታምኑኝ። ባልዲና ሰዓት ያለው ይለካው።


ባለ ካኒስተር
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡20

ጋሼ፣ ለእኔ እንደተጻፈ ገብቶኛል። ለካሁ።

የእኔ ካኒስተር ማሸጊያው ላይ በሰዓት 700 ሊትር ይላል። የሚመለስበትን ቱቦ ከገንዳው አፍ ላይ አውጥቼ ባለ 10 ሊትር ባልዲ ውስጥ ለቀቅሁት። ባልዲው በ80 ሰከንድ ሞላ። ሲሰላ 450 ሊትር ነው። አላመንኩም፤ ደገምኩት፤ ያው ነው።

ከዚያ ከፈትኩት። ከታጠበ ሁለት ወር ከግማሽ ሆኖት ነበር። ክዳኑ ሲነሣ የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ሽታ ወጣ፤ ባለቤቴ ከሌላ ክፍል «ምንድን ነው እሱ?» አለች። የታችኛው ስፖንጅ ጥቁር ጭቃ ለብሶ ጠንክሯል። በገንዳ ውሃ አጠብኩት፣ የክዳኑ ጓርኒሲዮን ደርቆ ስለነበር ሲሊኮን ቅባት ቀባሁት፣ መልሼ ገጠምኩትና ለካሁ፤ 62 ሰከንድ። ወደ 580 ሊትር ተመለሰ ማለት ነው።

ካኒስተሬን አልጥልም፤ ለ240 ሊትር አሁንም እሱን ነው የምመርጠው። «በሦስት ወር አንድ ጊዜ» ያልኩትን ግን መልሻለሁ።


የባክቴሪያ ወዳጅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡45

ሽታው የመጣው ኦክስጅን ካልደረሰበት ቦታ ነው፤ ጭቃው ሲጠቀጠቅ ውሃው በጎኑ እየሾለከ ያልፋል፣ መሐሉ ይታፈናል። ለካኒስተር ባለቤቶች ሁሉ ይጠቅማል፦ መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ የተዘጋው በርሜል ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። ባክቴሪያዎቹ እዚያ ያለውን ኦክስጅን ጨርሰው መሞት ይጀምራሉ። መብራት ሲመጣ ዝም ብላችሁ አትተዉት፤ ውስጡ የቆመውን ውሃ ድፉና ስፖንጁን በገንዳ ውሃ አለቅልቁ፣ ከዚያ አስነሡት። አለበለዚያ ያ ሁሉ የታፈነ ውሃ በአንድ ጊዜ ዓሦቹ ላይ ይፈሳል።

ስፖንጅ እዚያው ገንዳው ውስጥ ስለሚቀመጥ ይህን ያህል አይታፈንም። ባትሪ ያለው ትንሽ የአየር ፓምፕ ከተገኘለት ደግሞ ሥራውን ሳያቋርጥ ያድራል።


ሰማያዊ ጠጠር
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡00

ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወስኛለሁ፤ ስህተት ካለው ሳልገዛ አስቁሙኝ።

ስፖንጅ። ያውም ሁለት ራስ ያለው፣ በአየር ፓምፕ የሚሠራ። ጋሼ የጠየቁኝን ጥያቄ ለራሴ በእውነት መለስኩት፤ በርሜል ተሸክሜ አልሄድም፣ ራሴን አውቃለሁ። ኃይለኛ ፍሰት የሚፈልግ ዓሣ የለኝም። አሸዋ አነጥፋለሁ፣ የሚጠቅመውም ያው ነው። ስሜ ግን እንዳለ ይቆይ።

የሚያሳስቡኝ ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ መልኩ አያምርም፤ ገንዳው ጥግ ላይ ጥቁር ነገር ተገትሮ ይታየኛል። ሁለተኛ፣ ስፖንጅ ሲወጣ የያዘውን ቆሻሻ ሁሉ መልሶ ይለቀዋል ሲባል ሰምቻለሁ።


ቅጠልና ሥር
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡25

ለመጀመሪያው ረጅም ቅጠል ያለው ተክል ከፊቱ ትከይለት። ቫሊስኔሪያ በሁለት ወር ውስጥ ይሸፍነዋል። ሽሪምፕ ብታመጪ ደግሞ ስፖንጁ ላይ ተሰልፈው ሲለቅሙ ታያለሽ፤ ያን ጊዜ አትደብቂው ትያለሽ።


አሮጌው ገንዳ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡10

አላስቆምሽም። እኔም የምገዛው እሱን ነበር።

ስለ ማውጣቱ፦ የአየሩን ፓምፕ አጥፊ። ንጹሕ የፕላስቲክ ከረጢት ገንዳው ውስጥ አስገቢና ስፖንጁን ውሃው ውስጥ እንዳለ አልብሺው፤ አፉን ጨብጠሽ አብረሽ አውጪ። ቆሻሻው ከረጢቱ ውስጥ ይቀራል። ከገንዳው በቀዳሽው ውሃ፣ ባልዲ ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ጭመቂው። ውሃው ጥቁር ሻይ ይመስላል፤ ይምሰል። አዲስ እስኪመስል አትጭመቂ፤ አዲስ የሚመስል ስፖንጅ ባዶ ቤት ነው። ሁለት ራስ መግዛትሽ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ዛሬ አንዱን ታጥቢያለሽ፣ ሌላውን ከሁለት ሳምንት በኋላ። ሁልጊዜ አንዱ እንደ ሙሉ ሆኖ ይጠብቅሻል።

ደኅናውን ስፖንጅ ስታሸቺው ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል። የዚያን ሰውዬ ካኒስተር የሸተተውን ከሸተተ ዘግይተሻል።

እንግዲህ ዓሣ ለማምጣት አትሩጪ። ዛሬ የገጠምሽው ስፖንጅ ሰው ያልገባበት ቤት ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች እንደ ሌሎቹ በደቂቃ አይባዙም፤ ብዙ ሰዓት ይፈጅባቸዋል። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ጠብቂ። ጤነኛ ገንዳ ያለው ወዳጅ ካለሽ ከእሱ ስፖንጅ ቁራጭ ብታመጪ በጣም ይቀንስልሻል፤ እርጥብ እንደሆነ በዚያው ቀን አድርሺው። በሽታም አብሮ እንደሚመጣ ግን አትርሺ፤ የማታውቂውን ገንዳ አትመኚ።


ቸኳዩ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡22

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ከእኔ የተሻለ የሚያውቀው የለም።


ሰማያዊ ጠጠር
ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡30

ስፖንጅ የሚያውሰኝ ሰው አላገኘሁም። ዓሣ ሳላስገባ ነው የጀመርኩት፤ ለባክቴሪያዎቹ ምግብ እንዲሆን አሞኒያ በሊትር 2 ሚሊ ግራም እስኪደርስ ጨምሬ በጠብታ መመርመሪያ እየለካሁ ነው። አሞኒያው ባለፈው ሳምንት መውረድ ጀመረ፤ ተደሰትኩ። ናይትራይቱ ግን የመመርመሪያውን ብልቃጥ ሐምራዊ አድርጎት ዐሥር ቀን ሙሉ ንቅንቅ አላለም። ሐምራዊው እንዲያውም ከሰንጠረዡ መጨረሻ ቀለም የጠቆረ ነው። ውሃው ደግሞ እንደ ወተት ጭጋግ ለብሶ ነበር፤ ስፖንጁን ላጥበው ተነሥቼ ይህን ክር አስታውሼ ተቀመጥኩ።


የባክቴሪያ ወዳጅ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10፡05

መቀመጥሽ ጥሩ ነው። ጭጋጉ አዲስ ገንዳ ላይ የሚፈላ ሌላ ባክቴሪያ ነው፤ ራሱ ይጠፋል። ናይትራይት የሚበላው ወገን ዘግይቶ የሚመጣ ነው፤ የሚበላው ነገር የሚመረተው የመጀመሪያው ወገን ሥራ ከጀመረ በኋላ ነዋ። መመርመሪያሽ ከመጨረሻው ቀለም ካለፈ ደግሞ ትክክለኛውን መጠን ማወቅ አትችዪም፤ አንዱን እጅ የገንዳ ውሃ ከአራት እጅ ንጹሕ ውሃ ጋር ቀላቅለሽ ለኪና ውጤቱን በአምስት አባዢው። በጣም ከፍ ካለ ግማሹን ውሃ ቀይሪ፤ የምታስገቢው ውሃ ክሎሪኑ የጠፋለት ይሁን። ባክቴሪያው ስፖንጁ ላይ ስለሆነ ውሃ በመቀየርሽ አይቀንስም። አሞኒያ መጨመሩንም ለጊዜው አሳንሺው።


ጸጥታ ወዳድ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11፡00

ድምፁስ?


ሰማያዊ ጠጠር
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11፡12

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች አልተኛሁም። ፓምፑን በጨርቅ ላይ ባደርገውም ግድግዳውን ተጠግቶ ኖሮ ግድግዳው ነበር የሚያንጎራጉረው። በገመድ አንጠለጠልኩት፣ የአየር ድንጋዩንም አስገባሁ። አሁን ይሰማል፤ አይቀሰቅስም።


ሰማያዊ ጠጠር
ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ 4፡15

ትናንት ጠዋት አሞኒያ 2 ሚሊ ግራም ጨመርኩ። ዛሬ በዚያው ሰዓት ለካሁ፤ አሞኒያ 0፣ ናይትራይት 0፣ ናይትሬት 80። ጋሼ፣ ኮሪዶራሶቹ ይምጡ?


አሮጌው ገንዳ
እሑድ፣ ከጠዋቱ 4፡50

80 ይበዛል። መጀመሪያ ከሩቡ በቀር ውሃውን በሙሉ ቀይሪው፤ የምትጨምሪው ውሃ ሙቀቱ የተስተካከለ፣ ክሎሪኑም የወጣለት ይሁን። ከዚያ ስድስቱን ኮሪዶራስ አምጪ፤ እነሱ ለብቻቸው ተከፋፍለው መኖር አይወዱም። ኒዮኖቹ አንድ ወር ይቆዩ፤ አዲስ ገንዳ አይስማማቸውም። የመጀመሪያውን ሳምንት በጥቂቱ መግቢ፣ በየቀኑ ለኪ። ስፖንጁን እስከ አንድ ወር አትንኪው።


ሰማያዊ ጠጠር
እሑድ፣ ከጠዋቱ 5፡05

እሺ ጋሼ። ውሃውን እየቀነስኩ ሳለ ግን የስፖንጁ አናት ብቅ ስላለ ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። አልነካሁትም። የአፈር ሽታ አለው።


አሮጌው ገንዳ
እሑድ፣ ከጠዋቱ 5፡20

እንግዲህ ውሃውን መልሺበት፣ እንዳይደርቅብሽ።